ቆሞ የተለካ ሱሪ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ለቆ ወደ እንጦጦ ከወጣ በኋላ፣ ያ ከብቱን የፈጀው ክፉ ቀን ከመምጣቱ በፊት ነው። በዚያ መሃል ያለው ዘመን ለእኔ አንድ ረጅም ክረምት ይመስለኛል፤ የትኛው ዓመት የትኛውን እንደሚቀድም ላስብ ስሞክር ይምታታብኛል። ወሩን ግን አልረሳም። ኅዳር ነበር። የሚካኤል ማኅበር በወጣበት ቀን ነው ሱሪዬ የተቀደደው።

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ከፊደል አልፌ ዳዊት እንደጀመርሁ አባቴ ሞተና ወደ እርሻው ተመለስሁ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ አንባቢም እንደዚያው ይቀበለኝ።

ባለቤቴ በጥር መጨረሻ አረፈች። ቤታችን ከአንኮበር ቁልቁል፣ ገብስ ከሚዘራበት ተዳፋት ላይ ነው። አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ደነባ ተድራ ስለነበር ለእናቷ ቀብር ሳትደርስ ለተዝካሯ ደረሰች፤ ከዚያም ወደ ባሏ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የምሰማው የራሴን ሳል ብቻ ሆነ። ከተማውም እንደ እኔው ነበር። መኳንንቱ ሲወጡ አሽከሩ ተከተለ፣ አሽከሩን ነጋዴው፣ ነጋዴውን ጥበበኛው ተከተለ። በደጉ ዘመን ሰው የሚጋፋበት መንገድ ላይ ሣር በቀለበት። አንድ ልብስ ሰፊ እንኳ አልቀረም።

ያኔ መስፋት የወንድ ሥራ ነበር። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሰፋል፤ በእንዶድ አጥቦ የሚያነጣውም ወንድ ነው። የባለቤቴን ቀሚስ እኔ ነበርሁ የምሰፋላት። የእኔን ሱሪ ቤተ መንግሥት አጠገብ የነበረ ሰፊ ይሰፋልኝ ነበር፤ የምትለካኝ ግን እርሷ ናት። ሰፊው በእጁ ሲለካኝ አልወድም ነበር፣ ይኮረኩረኛል። ስለዚህ እርሷ በክር ትለካኝና ክሩን ይዤለት እሄዳለሁ። ክሩ ላይ አራት ቋጠሮ ትቋጥራለች።

ስትለካኝ ደግሞ ልማድ ነበራት። ቆሜ ወገቤን፣ ቁመቴን፣ ባቴን ትለካና «በል አሁን ቁጢጥ በል» ትለኛለች።

«ለምን?»

«በል ያልሁህን በል። አንተ ሰውዬ ለሁሉ ነገር ለምን ነው!»

ቁጢጥ እላለሁ፤ እርሷ በክሩ ከፊት ወደ ኋላ ትዞራለች፤ ትስቃለችም። የምትቀልድብኝ ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አጥብቄ ጠይቄያት አላውቅም።

ስትሞት ሙዳይዋ ውስጥ ያ ክር ተጠቅልሎ ተገኘ። ከመደቡ ጥግ ደግሞ በሽታው ሳይጥላት የፈተለችው ፈትል ነበር፤ በልቃቂት በልቃቂት ሆኖ። ታማም ትፈትል ነበር። «ይህ ለአንተ ሱሪ ነው፣ የለበስኸው እኮ ጥፍ በጥፍ ሆኗል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። የለበስሁት ሱሪ ጥፍ ላይ ጥፍ ተጥፎበት፣ ፈትቼ ልክ ልውሰድበት ብል እንኳ የቱ ሱሪ፣ የቱ ጥፍ እንደሆነ የማይለይ ነበር። እርሱን ለብሼ ሰው መሃል መግባት ስላፈርሁ ማኅበሩን ሁሉ ትቼ ነበር። «የእርሷ ፈትል ሱሪ ሆኖ ሲወጣ እርሱን ለብሼ ወደ ሰው እመለሳለሁ» ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

በሚያዝያ ፈትሉን ተሸክሜ ወደ አልዩ አምባ ወረድሁ። እዚያ አንድ አርጎባ ሸማኔ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ እግሩን ከመሸመኛው ጉድጓድ ከትቶ ቀኑን ሙሉ የሚሸምን ሽማግሌ። በግንቦት ሸማውን ልወስድ ስመለስ አነሰብኝ። ይኸውም የዘመኑ ሰው ሁሉ በሽታ ነው፤ ሸማኔ ፈትል ይሰርቃል ይባላል፣ ባይሰርቅም ይባላል።

«ያን ሁሉ ፈትል አምጥቼ የወጣው ይህ ብቻ ነው?» አልሁት።

ሽማግሌው መወርወሪያውን አቆመና አየኝ። «ቀጭን ፈትል ነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ ነው የሚሸመነው። አላህ ያውቃል» አለ። መወርወሪያውንም መልሶ አነሣ። እኔም ደህና ዋል ሳልል ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ መከራዬ መጣ። ሸማው አለ፣ ሰፊ የለም። ደብረ ብርሃን አንድ ሰፊ አለ ሲሉኝ ያን ብርድ አቋርጬ ሄድሁ፤ እርሱም በዚያው ሰሞን ወደ እንጦጦ ማለፉን ነገሩኝ። «እንግዲህ የእርሷን ቀሚስ የሰፋሁ ሰው የራሴን ሱሪ ምን ያቅተኛል» አልሁና ክሩን ከሙዳዩ አወጣሁ። ወገቤ ላይ ባዞረው ቋጠሮው አንድ መዳፍ ሙሉ አልፎ ሄደ። ሌላውን ቋጠሮ ሞከርሁ፤ የምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም። ክሩን መልሼ ጠቀለልሁት። ሰው ራሱን መለካት አይችልም። ይህን የማያውቅ ይሞክረው፤ ጎንበስ ሲል ልኩ ይዛባል፣ ቀና ሲል ክሩ ከእጁ ያመልጣል። ጎረቤት ልጥራ ብል ደግሞ ምን ብዬ? «ሚስቴ ሞታ የሚለካኝ አጣሁ» ልበል?

በሰኔ መጀመሪያ አልዩ አምባ ገበያ ስዞር ከሐረር በኩል የመጣ ነጋዴ መርፌና ዶቃ ዘርግቶ አየሁ። አጠገቡ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ከላዩ አንድ ባርኔጣ የደፋ ፈረንጅ ተሥሎበታል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሱሪ ልክ ነው። ፈረንጅ ሱሪ የሚሰፋው በዚህ ነው፤ ወረቀቱን ሸማው ላይ ያነጥፍና ዙሪያውን ይቆርጣል፣ አለቀ። የሰው ገላ አይነካም።»

«ልኩ የማን ነው?»

«የማንም።»

«የማንም ከሆነ የእኔም ነዋ!»

«ኋላስ!» አለና ሳቀ።

አንድ አሞሌ ጨው ሰጥቼ ገዛሁት። ስመለስ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ሰው ሳይነካኝ የሚለካኝ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ደስታ ራሱ ያሳዝነኛል።

ክረምቱን በሙሉ በእርሱ ላይ ዋልሁ። ወረቀቱ በገዛ አገሩ ፊደል የተጻፈበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ መስመር የበዛበት ነው። መቀስ የተዋስሁት ከጎረቤቴ ነበር፤ በባዶው ቤተ መንግሥት በር የቀረ አሮጌ ዘበኛ፣ የሚጠብቀው ነገር ስላልነበረ በሰው ሲያሾፍ የሚውል። ወረቀቱን ሲያይ ወደ ኋላ አለ።

«አንተ! ይህ ጠልሰም እንዳይሆን! ለብሰኸው ጅብ ብትሆን እኛን ምን ይዋጠን?»

«ጅብ ብሆን መጀመሪያ የምበላው አንተን ነው።»

«እኔ አጥንት ነኝ፣ አታተርፍም። ይልቅ ይህ ሰውዬ» አለ ሥዕሉን በጣቱ እየነካ፣ «ከመጣ ጀምሮ ቆሟል። አይደክመውም?»

ሳቅሁ። ነገሩን ግን ልብ አላልሁትም።

ወረቀቱ በወርድ ከሸማው ይበልጣል፤ የፈረንጅ አቡጀዲ ወርዱ ሰፊ ነው፣ የእኛ ሸማኔ ደግሞ ክንዱ እስከደረሰበት ነው የሚሸምን። ስለዚህ ሽማግሌው የሸመነልኝን ሁለት ሸማ ጠርዝ ለጠርዝ ሰፍቼ አጋጠምሁና ወረቀቱን አነጠፍሁ። ዙሪያውን በከሰል አሠመርሁ። መቀሱን ይዤ ሦስት ቀን ሳልቆርጥ ቀረሁ። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ የማይመለስ ነገር ነው፤ እርሷም ሌላ አትፈትልልኝም። በአራተኛው ቀን አማተብሁና ቆረጥሁ።

እግሩ ረዘመ። ፈረንጁ ረጅም ሰው ኖሯል፤ እኔ እንደምታውቁኝ፣ ወይም እንደማታውቁኝ፣ አጭር ነኝ። ትርፉን ቆርጬ ልጥል አልሆነልኝም፤ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠፍሁና ሰፋሁት። ወገቡን በማሰሪያ ሰበሰብሁት። በየቀኑ ገብሱን አርሜ እየመጣሁ፣ ከደጃፍ ተቀምጬ፣ ጉሙ ሲመጣ ወደ ውስጥ እየገባሁ፣ ጉሙ ሲሄድ እየወጣሁ ነው የሰፋሁት። ከመርፌው ጋር አወራ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ አላፍርም። የሰፋሁበትም በእርሷው ፈትል ነው፤ ከልቃቂቶቹ አንዲት ትንሽ አስቀርቼ ነበር፣ ልቃቂቷም እዚያው አለቀች።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲያልቅ ሱሪው አለቀ። ለበስሁት፤ ቆሜ ቁልቁል አየሁት። ቆንጆ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ዕለት ገና ከደጃፉ ስገባ «እንኳን ደህና መጣህ፣ እንኳን እግዜር አወጣህ» ተባለ። ቤቱ በጉዝጓዝ ተነጥፏል። ሽማግሎቹ ለእኔ ከመደቡ ላይ ጠጋ ጠጋ ሲሉ እኔ ከወራት በኋላ ስለመጣሁ ትሕትና መስሎኝ «የለም የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል» ብዬ ጉዝጓዙ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥሁ።

ጠርርር አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የማኅበሩ ባለቤት «ምነው፣ ምን ተቀደደ?» አሉ።

ጎረቤቴ ዘበኛውም እዚያው ነበር፤ አልቀደም ብሎ መች ያውቃል! «ፈረንጅ አገር ነው የተቀደደ!» አለ።

ሳቁ ጣራውን አነሣው። ክፋት አልነበረውም፣ ይህን ልናገርላቸው ይገባል፤ እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ኩታዬን ወገቤ ላይ ጠቅልዬ፣ ጽዋው ሳይደርሰኝ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ አወለቅሁትና አየሁት። የተፈታው ስፌቱ ቢሆን ምንም አልነበረም። የተቀደደው ሸማው ነው፤ ከመቀመጫው እስከ ጭኑ፣ የእርሷ ፈትል ብትን ብሎ።

ከዚያ በኋላ አልወጣሁም። እንጨትና ውኃ ለማምጣት ሰው ሳይበዛ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ገብሱን አንድ ዘመድ አጨደልኝ። ሱሪውን ልጥፈው መርፌ አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። የምጥፍበት ክር የሌላ ሴት ፈትል ነው። የሌላ ሴት ፈትል በእርሷው መሃል ገብቶ ሲታየኝ እጄ እንቢ ይላል። ሞኝነት ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ ሞኝነቱን የሚነግረው የለም።

ዘበኛው አንድ ቀን ከደጅ ቆሞ ጮኸ። «አንተ ሰው! ውጣ እንጂ! ሱሪ ተቀደደ ተብሎ ይመነኮሳል?»

ከመደቡ አልተነሣሁም። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እኮ ለጨዋታ ነው» አለ። እርምጃው ሲርቅ ሰማሁ።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። መጥፎ ሐሳብ ነበር። ያ ሸማኔ ፈትሌን ሰርቆ ቢሆንስ? ከሰረቀ ደግሞ ጥቂት ተርፎት ቢሆንስ? ሌሊቱን «ጌታዬ ሆይ፣ ሌባ አድርገው» ብዬ ስጸልይ አነጋሁ። በማግስቱ ዐርብ ነበር፣ የገበያ ቀን። ሱሪውን በኩታ ጠቅልዬ ወረድሁ።

ሽማግሌው እንደ ወትሮው ከጉድጓዱ ተቀምጧል። አወቀኝ። «ተቀመጥ» አለ። ተቀመጥሁ። ልጁ ቆሎ አምጥታ ከፊቴ አኖረች፤ አንድም ፍሬ አላነሣሁም።

«ሸማው ምን ሆነ?» አለ።

«ሸማውስ ደህና ነበር። አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። አይቆጡኝ። በሚያዝያ ካመጣሁት ፈትል… እንደው ምናልባት… በእጅዎ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የተቆጣ መስሎኝ ልነሣ ስል ሲስቅ ነው።

«ሱብሃነላህ! በግንቦት ሌባ ነህ ብለኸኝ ሄድህ። አሁን ደግሞ እባክህ ሌባ ሁንልኝ ልትለኝ መጣህ?»

ፊቴን ሸፈንሁ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ አለቀስሁ። በተዝካሯ ያላለቀስሁት ሰውዬ በሸማኔ ቤት አለቀስሁ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ክሩን፣ ወረቀቱን፣ የማኅበሩን ሳቅ፣ ሌሊት የጸለይሁትንም ጭምር። ሽማግሌው መወርወሪያውን እጁ ላይ እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ወላሂ አልሰረቅሁህም» አለ በመጨረሻ። «ነገር ግን ሸማ ከእንጨቱ ሲወርድ የማይሸመን የድር ጫፍ ይቀራል፤ አንድ ክንድ ያህል። እርሱ በአገሩ ሥርዓት የሸማኔ ነው፣ ለማሰሪያ ለምናምን እንጠቀምበታለን። የአንተን ግን አልተጠቀምሁበትም።»

«ለምን?»

በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። አንድ እንጨት ላይ ነጭ የክር ጭራ ተንጠልጥሏል፣ እንደ ፈረስ ጭራ ተበጥሮ። «ለልጆቼ ነው የሰቀልሁት። ፈትል ማለት ይህ ነው፣ እዩ፣ እንዲህ ፍተሉ እላቸዋለሁ። እስካሁን የደረሰባት የለችም።»

ተነሥቼ ነካሁት። የሌላ ሴት አልነበረም።

ሽማግሌው ከጉድጓዱ ወጣ፤ ለመውጣት ጊዜ ፈጀበት። ሱሪውን ዘርግቶ አገላበጠው፤ ቅዳዱን በጣቱ ተከተለ። «ይህን ልክ ያወጣው ፈረንጅ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጥ። አንተ መሬት ላይ ነህ። መሬት ላይ ለሚቀመጥ ሰው እግሩ መሃል አራት ማዕዘን ቁራጭ ይገባለታል፣ ሲያጣጥፍ የሚከፈት። ቆመህ ብቻ ነው የተለካኸው።»

ያን ጊዜ ሥዕሉ ትዝ አለኝ፤ ቆሞ የቀረው ፈረንጅ። ከዚያ ደግሞ እርሷ ትዝ አለችኝ። የክር ጥቅሉን ከመቀነቴ አወጣሁ፤ ከሙዳዩ ካወጣሁት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነበር።

«ቁም» አለኝ። ቆምሁ። ክሩን ወገቤ ላይ አዞረ፤ መዳፍ ሙሉ አለፈ። «ቁጢጥ በል።» ቁጢጥ አልሁ። ከፊት ወደ ኋላ ሲያዞረው አራተኛው ቋጠሮ ልክ ቦታው ላይ ዐረፈ። የተቀመጥሁበት ልክ ነበር።

«ሚስትህ አልተሳሳተችም» አለ። «ክሩ ልክ ነው። ወገቡ ያለፈው አንተ ስለከሳህ ነው። ምን ትበላለህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ የቆሎውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገ፤ ያን ጊዜ በላሁ።

ቁራጩን ከየት እናመጣ ይሆን ስል ሽማግሌው የእግሩን እጥፋት ፈታው። ሳልቆርጥ ያጠፍሁት ትርፍ ሁሉ እዚያ ነበር፤ ለቁራጩም ለጥፉም በቃ። እርሱ ያዘልኝ፣ እኔ ሰፋሁ፤ ከግድግዳው ላይ አንድ አንድ ክር እየመዘዘ ያቀብለኛል። ለልጆቹ ጥቂት ይተውላቸው ብዬ ብለምነውም እሺ አላለም። «እነርሱ አይተዋል» አለ። የክሩን የወገብ ቋጠሮ ፈትቶ አዲስ ሊቋጥርልኝ ነበር፤ ከዚያ ተወው። «ተወው፣ ትወፍርበታለህ» አለኝ።

በታኅሣሥ ሚካኤል ማኅበሩ ቤት ስገባ ዘበኛው ከመደቡ ላይ እጁን አነሣ። «ጸጥ በሉ! ተቀመጥ እስቲ፣ እንስማ!»

ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ከጓዳ አንገታቸውን አወጡ። እኔም በዝግታ ጉዝጓዙ ላይ ወረድሁ፣ እግሬን አጣጠፍሁ። ምንም አልተሰማም። ዘበኛው «አይ! ፈረንጁ ተጠመቀ» አለና ጽዋውን ራሱ ይዞልኝ መጣ። እስኪመሽ አብሬያቸው ተቀመጥሁ።

ሱሪው አብሮኝ አረጀ። ክሩ አሁንም አለኝ፤ ሽማግሌው እንዳለው ቋጠሮው ልክ የመጣበት ዓመትም ነበር፣ ከዚያ ደግሞ እርጅና መጥቶ አከሳኝና መልሶ አሳለፈው። ከዚያ ዘመን ማን አወጣህ የሚለኝ ቢኖር፣ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ፣ ሌባ ብዬው የሄድሁትና ቁጢጥ በል ብሎ የለካኝ ያ የአልዩ አምባው አርጎባ ሸማኔ ነው።